ወደ ሌላ ክልል የሚዛወር ቤተሰብና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በየአጥቢያችን ከዓመት ወደ ዓመት የሚደጋገም አንድ ነገር አለ። አንድ ምእመን ሥራ አግኝቶ፣ ወይም ልጁ ዘንድ ለመጠጋት፣ ወይም መሬቱ ቤተሰቡን መመገብ ተስኖት ወደ ሌላ ክልል ለመሄድ ይወስናል። ዕቃው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ካህኑ ዘንድ ቀርቦ «አባቴ ይፍቱኝ፤ ልንሄድ ነው» ይላል። ካህኑም ይባርከዋል፤ ቤተሰቡም ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከዚያው ሰው ስልክ ይደወላል። ልጁን ትምህርት ቤት አልተቀበለውም፤ የእናቲቱ መድኃኒት ተቋርጧል፤ ቀበሌው «መሸኛ ካላመጣችሁ አልመዘግብም» ብሏል። አሁን ያንን አንድ ገጽ ወረቀት ለማምጣት ሥራውን ትቶና የመኪና ዋጋ ተበድሮ ወደ ቀድሞ ቀዬው መመለስ ግድ ሆኖበታል።

ይህ ችግር የሚደርሰው በመነሻው ስፍራ መጠናቀቅ የነበረበት ጉዳይ ሳይጠናቀቅ በመቅረቱ ነው። ሰበካ ጉባኤ ከመነሣቱ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ ቢያውቅና ቤተሰቡን ቢመክር አብዛኛውን ማስቀረት ይቻላል። ስለዚህ የአጥቢያ ኮሚቴዎችና ካህናት ለሚዛወር ቤተሰብ ሊያስታውሱ የሚገባቸውን እርምጃዎች በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

መብቱና አሠራሩ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሀገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ከክልል ወደ ክልል መዛወር እንግዲህ መብት ነው። የዕለት ኑሮ የሚመካባቸው አገልግሎቶች ግን፣ ማለትም የነዋሪነት መታወቂያ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ የሴፍቲኔት ድጋፍና የመሬት መዝገብ፣ የተደራጁት በቀበሌና በወረዳ ነው። ዛሬ ሀገራችን 12 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች አሏት፤ የሥራ ቋንቋቸው፣ የትምህርት ቋንቋቸውና የመሬት አስተዳደር ሕጋቸው ይለያያል። መብቱ ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ አገልግሎቱ ግን ተሸኝቶ ካልሄደ በስተኋላ ይቀራል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በደብረ ታቦር አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በአሳብ እንውሰድ። ወሩ ጥር ነው። አባት በሲዳማ ክልል በሐዋሳ ከተማ የግንባታ ሥራ አግኝቷል። ታላቂቱ ልጅ 8ኛ ክፍል፣ ሁለተኛው 3ኛ ክፍል ናቸው፤ ታናሹ ገና የ7 ወር ሕፃን ነው። እናቲቱ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከጀመረች 2 ወር ሆኗታል። ግማሽ ሄክታር መሬትና ሁለት ከብቶች አሏቸው።

ወቅቱን መምረጥ

የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና በየክልሉ የሚዘጋጅ በመሆኑ ልጅቱ በዓመቱ አጋማሽ ብትነሣ ባልተማረችበት መንገድ ልትፈተን ትችላለች። የእናቲቱ መደበኛ ሕክምና 6 ወር የሚፈጅ ስለሆነ የሚያልቀው በግንቦት ነው። መሬቱም የሚዘራበት ጊዜ ሳይደርስ ለሚያርሰው ሰው በውል መሰጠት አለበት። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ኮሚቴ አባት ቀድሞ ሄዶ ቤት እንዲያዘጋጅ፣ እናትና ልጆች ግን ትምህርት ከተዘጋ በኋላ በሐምሌ እንዲከተሉት ይመክራል። እንዲህ ሲሆን ልጅቱ ትፈተናለች፤ እናቲቱም ሕክምናዋን በጀመረችበት ጤና ጣቢያ ትፈጽማለች።

ከመነሣት በፊት የሚያዙ ሰነዶች

አንደኛ፣ የቀበሌ መሸኛ። የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ስም፣ ዕድሜና ዝምድና ይጻፍበት። አባት ቀድሞ ለብቻው የሚሄድ ከሆነ በመሸኛው ላይ ቤተሰቡ በኋላ እንደሚከተለው ይገለጽለት። በአብዛኛው መሸኛ ሲሰጥ የቀድሞው መታወቂያ ስለሚመለስ አስቀድሞ ቅጂው ይነሣ።

ሁለተኛ፣ የፋይዳ ቁጥር። ፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ በመሆኑ ሰው ክልል ቢቀይርም ቁጥሩ አይቀየርም። ያልተመዘገበ አባል ካለ ሳይነሣ ይመዝገብ። የማረጋገጫ መልእክት የሚደርሰው በተመዘገበው ስልክ ስለሆነ ያ የስልክ ቁጥር እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ። በወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። እዚህ ላይ ካህናት አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመን ጋብቻ ያውቃል፤ ሆኖም ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። የተክሊል ወረቀት ብቻ ይዛ የሄደች ሚስት በአዲሱ ስፍራ ስለ ንብረት ወይም ስለ ውርስ ክርክር ቢነሣ ልትቸገር ትችላለች።

አራተኛ፣ የእያንዳንዱ ተማሪ የትምህርት ማስረጃና መልቀቂያ፣ ማኅተም ተደርጎበት።

አምስተኛ፣ ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው የግብር ክሊራንስ ይውሰድ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ በአዲሱ ክልል ሌላ ማውጣት አይገባም።

ሁሉም ሰነዶች በስልክ ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ዋናዎቹ ግን በዕቃ መካከል ሳይጫኑ ከእናቲቱ ወይም ከአባት እጅ አይለዩ።

ጤና

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጥድፊያ እንዲሰፍር ተደርጎ ነበር። ከደጋ የመጣው ሕዝብ የማያውቀው የወባ በሽታ ብዙ ቤት አፍርሷል፤ ቤተሰብም ተለያይቷል። ከዚያ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት ለአንድ ቤተሰብም ይሠራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ሲሆን ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ዝቅ ይላል። በሀገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ሲሆን በጣም የሚበረታውም ከክረምት በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በሐምሌ የደረሰ ቤተሰብ መስከረም ሳይጠባ አጎበር ሊኖረው፣ ትኩሳት ሲሰማውም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባል።

በሕክምና ላይ ሳለ መነሣት ግድ የሆነበት ሰው፣ የነቀርሳም ሆነ የኤች አይ ቪ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ከሚታከምበት ተቋም የዝውውር ወረቀትና ለመንገድ የሚበቃ መድኃኒት ሳይዝ አይነሣ። ሕፃኑ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወሩ ስለሚወስድ የክትባት ካርዱ አብሮት ይሂድ። የጤና መድን ደብተር የሚያገለግለው ውል በተፈጸመባቸው ተቋማት በመሆኑ በአዲሱ ወረዳ የምዝገባው ወቅት መቼ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ እስከዚያ ድረስ ለሕክምና የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይቀመጥ። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሆነ ቤተሰብም ድጋፉ በራሱ ተከትሎት እንደማይሄድ ይነገረው።

መሬትና ንብረት

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ የመጠቀም መብት ግን የቤተሰቡ ነው። ብዙ ጊዜ ክርክር የሚወልደው «ወንድሜ ያርሰው» ተብሎ በቃል የተተወ መሬት ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ዘመኑ ይወሰን፤ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ የሚሰፍርበት ስለሆነ ውሉም በሁለቱ ፈቃድ ይፈጸም። መሬቱን ትቶ ለረጅም ጊዜ መራቅ መብት ሊያሳጣ ስለሚችልና ሕጉም ከክልል ክልል ስለሚለያይ የጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ ሳያነጋግሩ መሄድ አይገባም። የዕቁብ፣ የብድርና የዕድር ሒሳብም ሳይነሡ ይጠናቀቅ።

በመድረሻው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በአዲሱ ከተማ ሌላው ሁሉ የሚጀምረው ከመኖሪያ ቤት ነው፤ ቀበሌው ነዋሪነትን የሚያረጋግጥ ነገር ይጠይቃልና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉን ከያዙ በኋላ መሸኛውን ለቀበሌ፣ የትምህርት ማስረጃውን ለትምህርት ቤት፣ የጤና ካርዱን ለጤና ጣቢያ ማድረስ ይከተላል። በሲዳማ ክልል ሲዳምኛ የትምህርት ቋንቋ ስለሆነ የ3ኛ ክፍሉ ልጅ የሚገባበት ትምህርት ቤት በምን ቋንቋ እንደሚያስተምር አባት ቀድሞ ይጠይቅ። ልጆችም ወላጆችም የአካባቢውን ቋንቋ ለመማር ቢተጉ ከጎረቤት ጋር ያላቸው ኑሮ ይቃናል።

ዕድርም እስከ ሐዘን ቀን የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም። ዕድር የሌለው እንግዳ ሰው ቢሞትበት ድንኳን የሚተክልለት፣ ንፍሮ የሚቀቅልለት አይኖርም። የመግቢያው ክፍያ ቢከብድ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል የዕድሩን ዳኛ መጠየቅ ይቻላል።

የሸኚውና የተቀባዩ አጥቢያ ተግባር

ሸኚው ሰበካ ጉባኤ ለቤተሰቡ የአጥቢያ መሸኛ ይጻፍ። በደብዳቤው የአባላቱ ስምና ክርስትና ስም፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ጥምቀት፣ አገልግሎት ካላቸውም አገልግሎታቸው ይገለጽ። የንስሐ ጉዳይ በደብዳቤ አይጻፍም፤ የሰው ሕመምም ያለ ራሱ ፈቃድ አይገለጽም። ከደብዳቤው ጋር የሸኚው አጥቢያ ስልክ ቁጥር ይሰጥ።

ተቀባዩ ሰበካ ጉባኤ ደግሞ አዲስ ቤተሰብ በመጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ሰው ቤታቸው ድረስ ይላክ። የተላከውም ሰው ቀበሌ አብሯቸው ይሂድ፤ ቋንቋ ካልቻሉ ያስተርጉምላቸው፤ ከዕድሩና ከንስሐ አባት ጋር ያገናኛቸው። በተለይ ባሏ ለሥራ ወጥቶ ብቻዋን የምትውል እናት በዚህ ወቅት እጅግ ትቸገራለች።

ሰነድ ሳይዙ የተነሡ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጊዜ ላገኘ ሰው ነው። በግጭት ወይም በአደጋ ምክንያት በአንድ ሌሊት የተነሣ ቤተሰብ መሸኛ ሊጠይቅ አይችልም። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ የተቀበለ አጥቢያ «ወረቀትህ የት አለ?» ብሎ አይጀምር፤ አስቀድሞ ማደሪያና ምግብ፣ ከዚያም የመድኃኒት ጉዳይ ይታይ። ቀጥሎ ከመነሻው አጥቢያ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ቅጂ፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልጆች ውጤት በስልክም ሆነ በሰው ይፈለግ። ፋይዳ የተመዘገበ ሰው ወረቀቱ ቢጠፋበትም ምዝገባው አይጠፋምና ማንነቱን በዚያ ማረጋገጥ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ለሁሉም አጥቢያ የሚተርፍ አንድ ሥራ አለ። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገባችን በየጊዜው የሚሞላ፣ የሚነበብና ቅጂውም በወረዳ ቤተ ክህነት የሚቀመጥ ይሁን። ከመዝገቡ የጎደለ ስም ነገ በሩቅ ሀገር ማንነቱን ማስረዳት ያቃተው ሕፃን ስም ሊሆን ይችላል።

ሰበካ ጉባኤያት በሚቀጥለው ስብሰባቸው ለዚህ ተግባር ሁለት ሰዎችን፣ አንዱን ለሚሄዱ ሌላውን ለሚመጡ፣ እንዲመድቡ፤ ካህናትም በስብከተ ወንጌል ጊዜ «ለመሄድ ያሰባችሁ ዕቃ ሳትጭኑ አስቀድማችሁ ንገሩን» ብለው እንዲያሳስቡ በትሕትና እንጠይቃለን።