የመሬትን ጉልበት ከጎርፍና ከእሳት ስለ መጠበቅ

የደጋውና የወይና ደጋው እርሻ ጉልበቱን የሚያጣው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር ጎርፍ ነው፤ ይህን ማንም ያየዋል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ቀልቶ በወረደ ጊዜ የማሳው አፈር ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ እንደሚሄድ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሁለተኛው በር ግን በየቤቱ ያለው ምድጃ ነው። በዚህ በር የሚወጣው ሀብት ጢስ ሆኖ ስለሚሄድ የሚቈጥረው ሰው የለም፤ እንጀራ የምትጋግረውም ሴት ዐይንዋን እየጠረገች ኩበቱን ትማግዳለች እንጂ የሚነደው የከርሞው እህል መሆኑን የነገራት የለም።

ስለ ጎርፉ ተለክቶ የታወቀ ነገር አለ። በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የእርሻ ሚኒስቴር ከስዊስ አገር ከቤርን ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ በወሎ በማይባር፣ በሸዋ በአንዲት ጥድ፣ በጎጃም በአንጀኒ፣ በሌሎችም ቦታዎች የአፈር መለኪያ ጣቢያ አቁሞ ነበር። ከዚህም ሥራ በተገኘው መረጃ ሊቃውንቱ እንደ ገመቱት ከታረሰው መሬት በየዓመቱ በአማካይ ከአንድ ሔክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። አንድ ጋሻ 40 ሔክታር ያህል ነውና፣ በቀድሞው ልክ ለሚያስብ ሰው ከአንድ ጋሻ መሬት በዓመት 16,800 ኩንታል አፈር ሄደ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በማሳው ላይ ተዘርግቶ ቢለካ ከፍታው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ ባንድ ክረምት አይታወቅም። በ30 ዓመት ግን አንድ ጋት ያህል ይጐድላል፤ በዚያን ጊዜ ማረሻው ድንጋይ መንካት ይጀምራል፤ ገበሬውም መሬቱ አረጀ ይላል።

ስለ ምድጃው ያለው ሒሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። በ1 ኩንታል ደረቅ ኩበት ውስጥ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅን ይገኛል፤ ናይትሮጅን ማለት ቡቃያውን የሚያለመልመው የመሬት ምግብ ነው። ከውጭ አገር በብዙ ገንዘብ የሚገዛው ዩሪያ በ1 ኩንታል 46 ኪሎ ይዟል። እንግዲህ 30 ኩንታል ያህል ኩበት ያነደደ ቤት ከ1 ኩንታል ዩሪያ ጋራ የሚተካከል ናይትሮጅን በጢስ ሰደደ ማለት ነው፤ በኋላም ያንኑ ለመግዛት በሬ ወይም በግ ይሸጣል፤ ከማኅበርም ይበደራል። ቤቱ በዓመት ስንት ኩንታል ኩበት እንደሚፈጅ ለማወቅ የሚወድ ሹም ጸሐፊ መላክ አያሻውም፤ ኩበት የምትጠፈጥፈውን ሴት ቢጠይቃት በቁና ለክታ ትነግረዋለች። አመዱ ፎስፎረስና ፖታስ ስለሚተርፈው ቢያንስ እርሱን ወደ ጓሮ መበተን ይገባል፤ ዳሩ ግን ብዙው ቤት እርሱንም ከደጅ ይደፋዋል። ከናይትሮጅኑም የሚበልጥ ጉዳት አለ። ፍግ ያልገባበት አፈር እንደ ዱቄት ይሆንና ውሃ መያዝ ይሳነዋል፤ ውሃ ያልያዘውንም አፈር ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ በሮች ለየብቻ አይደሉም፤ ምድጃው ለጎርፉ በር ይከፍትለታል።

ባላገሩ ኩበት የሚያነደው ከስንፍና ወይም ካለማወቅ ነው የሚሉ ሰዎች ይሰማሉ። ይህ ፍርድ የተገባ አይደለም። ፍግ መሬት እንደሚያወፍር ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቃል፤ ለዚህም ምስክሩ በደጁ ያለው የጓሮ መሬት ነው፤ ጎመኑና በቆሎው እንደ ምን እንደሚያምር ይታያል። ኩበቱን ወደ ምድጃ የወሰደው የእንጨት እጦት ነው። ዱሩ ሲርቅ ሴቶችና ልጆች ለአንድ ሸክም እንጨት የቀን እኩሌታ ይሄዳሉ፤ ኩበቱ ግን ከበረቱ ይገኛል። እንግዲህ «ኩበት ማንደድ ክልክል ነው» ብሎ በገበያ ቀን ማስለፈፍ ሊጡ ጥሬውን ይበላ እንደ ማለት ነው። መከልከል የሚቻለው ሌላ ማገዶ ከተገኘ፣ ወይም ማገዶው ከቀነሰ በኋላ ነው።

ማገዶን የመቀነሱ ሥራ ቀላሉ ነው። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ እኩሌታውን የሚያህለው ወይም የሚበልጠው የሚፈጀው ለእንጀራ ምጣድ ነው። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ እሳቱ ከአራቱም ማዕዘን ስለሚወጣ ብዙው ሙቀት ቤቱን እንጂ ምጣዱን አያገኝም። ዙሪያው የተዘጋ ምድጃ ግን እሳቱን ከምጣዱ ሥር ይይዘዋል። «ምርጥ» በሚባል ስም የታወቀው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ እየተቀረጸ የሚሠራው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ እኩሌታ ይቀንሳል። ሲሚንቶ በማይገኝበት አገር ከሸክላ ይሠራል፤ ይህም የማይቻልበት ቤት ቢኖር ጉልቻውን በጭቃና በድንጋይ ዙሪያውን መርጎ የማገዶ መግቢያና የጢስ መውጫ ብቻ መተው ጥቂት እንኳ ይረዳል። እንጨቱም ሳይደርቅ ከነደደ እሳቱ ውሃውን ሲያተን ስለሚውል፣ ከክረምት በፊት ፈልጦ ከጣራ ሥር መከመር ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው። ምጣድ ነክ ነገር የወንድ ጉዳይ አይደለም ተብሎ ምክሩ ለአባወራ ብቻ የሚነገርበት ወረዳ አለ፤ እንዲህ የተነገረው ምክር ከበራፍ አያልፍም። ለሴቶቹ በዕድር ወይም በማኅበር ቀን አንዱን ምድጃ አቁሞ ሲጋገርበት ማሳየት ይበልጣል፤ የወረዳው ሹም ከራሱ ቤት ጀምሮ እንደ ሆነማ ወሬው በሳምንት ውስጥ ይዳረሳል።

የማገዶ ዛፍን በሚመለከት ባሕር ዛፍ ስሙ በበጎም በክፉም ይነሣል። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ እንጨት አጥታ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ነበር፤ በ1880ዎቹ ዓመታት የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከዚያ ጭንቀት አወጣት። በጥቂት ዓመት ለማገር ይደርሳል፤ ተቈርጦም ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ከብትም አይበላውም። ጥፋቱ የሚመጣው ከተተከለበት ስፍራ ነው። ከምንጭ አጠገብና ከማሳ ዳር ሲተከል ውሃውን ይሻማል፤ ከሥሩም ሣር ስለማይበቅል ገደላማ ስፍራ ላይ አፈሩን ለጎርፍ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ቦታው ሌላ እህል የማያበቅለው ክፍት መሬት ነው። በማሳው መካከል ደግሞ አገሬው የሚያውቃቸው ዛፎች አሉ። በምሥራቅ ሸዋና በሐረርጌ ገርቢ የሚሉት ግራር በክረምት ቅጠሉን ያረግፋል እንጂ እንደ ሌላው ዛፍ አይለመልምም፤ እህሉ ጥላ ሳያገኘው የረገፈውን ቅጠል ይመገባል፤ በበጋም ፍሬው ለከብት መኖ ይሆናል። ወይራና ዋንዛ፣ ብሳናም በድንበርና በአጥር ላይ ቢበዙ ማገዶውም፣ የእርሻ ዕቃውም፣ ለንብ አበባውም ከደጅ ይገኛል።

ችግኝ መትከል ሁልጊዜ አያስፈልግም። በወላይታ በሁምቦ ተራራ ዛፉ ለብዙ ዘመን ተጨፍጭፎ ነበር፤ ነገር ግን ሥሩ በመሬት ውስጥ ሕያው ነበረ። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሰዎቹ በማኅበር ሆነው ተራራውን ከከብት ከለከሉ፤ ከየጉቶው ከሚወጣው ጭፈቃ ደኅና ደኅናውን እየመረጡ ሌላውን መለመሉ፤ 2,700 ሔክታር የሚያህል መሬት በዚህ መንገድ በአመዛኙ ከራሱ ጉቶ ዱር ለበሰ። የተመለመለውም ጭራሮ ማገዶ ሆናቸው። ይህን ለማድረግ የሚያሻው ማጭድና ትዕግሥት ነው።

ከምድጃ የተረፈው ኩበት ወደ ማሳ የሚሄድበት መንገድም ይታሰብ። ኩበት እንዲሁ በፀሓይ ላይ ሲቈይ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይበናል፤ ከገለባ፣ ከአረምና ከአመድ ጋራ ተደራርቦ በጉድጓድ ወይም በክምር እርጥበቱ ተጠብቆ ሲበሰብስ ግን ጉልበቱ ይቈያል። በትግራይ ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው ከክልሉ እርሻ ቢሮ ጋራ ገበሬዎችን ብስባሽ ሲያስለምዱ፣ ብስባሽ የገባበት ማሳ ከውጭ ማዳበሪያ ከገባበት ጋራ የሚወዳደር፣ በብዙ ስፍራም የሚበልጥ እህል ሰጠ። ሥራው አድካሚ መሆኑ አይካድም፤ ይልቁንም ማሳው ከቤት የራቀበት ሰው ብስባሹን በአህያ ማመላለስ ይከብደዋል። እንዲህ ላለው ሰው ጉድጓዱን ከማሳው ራስ ላይ ቈፍሮ ገለባውንና አረሙን እዚያው ማጠራቀም ይሻለዋል።

ስለ እርከን ብዙ ተብሏልና እዚህ ማብዛት አያሻም። የኮንሶ ሕዝብ ለብዙ ትውልድ ድንጋይ እየካበ ተራራውን ማሳ ማድረጉንና ይህም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን የማያውቅ ሹም የለም። ይልቅስ ችላ የተባለው ፈሰሱ ነው። ገበሬው ጤፍ ለመዝራት መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ያደቅቀዋል፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ በበረታ ጊዜ መሬቱ ገና ባዶውን ነው፤ ውሃው እንዳይተኛበትም በማረሻ ፈሰስ ያወጣለታል። ፈሰሱ ወደ ቍልቍለት ቀጥ ብሎ ከወረደ በጥቂት ዓመት ቦረቦር ይሆናል፤ ዘወር ብሎ ጋደል እያለ ሣር ወዳለበት መውጫ ከሄደ ግን ውሃው ቀስ ብሎ ይወርዳል። የአንዱ ፈሰስ በሌላው ማሳ ላይ ስለሚወርድ በዚህ ነገር ጠብ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም ክሱ ወደ ወረዳ ይደርሳል። ጎረቤቶቹን በግንቦት ሰብስቦ የውሃውን መውጫ ባንድነት ማስመልከት በመስከረም ከመፍረድ የቀለለ ነው።

አሁን የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነገር፣ የተተከለው ዛፍ የማን ነው የሚለው ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ጭሰኛው ዛፍ ለመትከል ልቡ አይነሣም ነበር፤ ባለ ርስቱ ባሰኘው ጊዜ ሊያስለቅቀው ይችላልና። ከዚያ በኋላ በገበሬ ማኅበርና በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ በዛፍ ተሸፈነ፤ ዳሩ ግን ዛፉ የመንግሥት ነው እንጂ የእኔ ነው የሚል ስላልነበረ፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ አውራጃ በጥቂት ሳምንት ተመነጠረ። የቈረጡት ሰዎች የተከሉት ሰዎች ነበሩ።

ለዚህ ተቃራኒ የሚሆነው የመንዝ ጓሳ ነው። ይህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የውርጭ አገር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሣ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ያበቅላል። አገሬው «ቄሮ» በሚባል ሥርዐት የአስቦና የጌራ ልጆች ተብሎ ተከፍሎ፣ ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በራሱ ሹሞች ያስጠብቀው ነበር። ሣሩ እስኪበስል ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ይዘጋል፤ በበጋ ይከፈትና ዝናቡ ሲበረታ ሐምሌ 5 ቀን ይዘጋል። የደፈረ ይቀጣል። ይህ ሥርዐት የርስቱ ሕግ ሲለወጥ በ1967 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ኋላ ግን የአካባቢው ሰው በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም እስካሁን በዚያ ይኖራሉ። ከሩቅ የመጣ ዘበኛ ያላስጠበቀው ነገር እዚህ የተጠበቀው፣ የሚጠቀመውና የሚጠብቀው አንድ ሰው በመሆኑ ነው።

ስለዚህ በትግራይ ከ1990 ዓ.ም.፣ በአማራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሌሎቹም ክልሎች ቀጥሎ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ከወረቀት በላይ ነው፤ ደብተሩን የያዘው ገበሬ እርከን መጠገንና ዛፍ መትከል እንዳበዛ በልዩ ልዩ ጥናት ተገልጧል። ሹም በደብተሩ ላይ ያለውን ድንበር ያለ ምክንያት የነካ እንደ ሆነ ያ አንድ ገበሬ ብቻ ሳይሆን የሰማው ቀበሌ ሁሉ ችግኙን ይተዋል። በወል መሬት ላይ የተተከለውም ቢሆን ማገዶው፣ ሣሩና ማሩ ለማን እንደሚከፈል ከመትከሉ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። መሬቱን ለእኩል አራሽ የሚሰጥ ባለ መሬትም እንዲሁ፣ አራሹ ለሠራው እርከንና ላስገባው ፍግ ስንት ዓመት እንደሚያርስበት ቢነግረው መሬቱ ወፍሮ ይመለስለታል፤ በየዓመቱ አራሽ የሚለውጥ ግን አመድ ይቀበላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመንግሥት መግለጫ መሠረት ባንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተክሏል፤ ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ ዘመቻው ቀጥሏል። ከወረዳ የሚላከው ወሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተተከለውን ቍጥር ይናገራል እንጂ በሁለተኛው መስከረም ስንቱ ቆሞ እንደ ተገኘ አይናገርም። ብዙው የሚደርቀው በትንሽ ነገር ነው። ከነፕላስቲኩ ተተክሎ ሥሩ የታነቀ አለ፤ ዝናቡ ሊያልቅ ሲል የተተከለ አለ፤ ከብት የረገጠውም አለ። ጉድጓዱ በሚያዝያና በግንቦት ተቈፍሮ ይቈይ፤ ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ፕላስቲኩ ተቀዶ ይተከል፤ ፕላስቲኩም በማሳ ውስጥ አይጣል፤ እሾህ ይከለልበት፤ ለየችግኙም ጠባቂ ቤት በስም ይታወቅ። ቈጠራው በጥቅምት አንድ ጊዜ፣ በግንቦት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይደረግና ሁለቱ ቍጥሮች ጐን ለጐን ተጽፈው ይላኩ።