የመገጣጠሚያን ቅባት ያሰሉት መሐንዲስ

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ከሐኪም ቤት ሲመለሱ «ምን አሉዎት?» ቢባሉ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ቅባቱ አልቋል አሉኝ።» አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ቀሪውን ግማሽ ሲፈልጉ ከኖሩት አንዱ ሐኪም ሳይሆኑ የሜካኒካል ምሕንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ፤ እንግሊዛዊው ዳንከን ዶውሰን።

በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዮርክሻየር ውስጥ ኪርክቢሙርሳይድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። በተማሩበት በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ከ1954 ጀምሮ አስተማሩ፤ በ1993 ጡረታ እስኪወጡም አልለቀቁትም።

መጀመሪያ ያሳሰባቸው የማሽን ጉዳይ ነው። በጊር ጥርሶችና በኩሽኔታ መካከል ያለው ዘይት ያን ሁሉ ጫና ተሸክሞ እንዴት ተጨምቆ አይወጣም? በ1959 ከጎርደን ሂጊንሰን ጋር መልሱን በስሌት አሳዩ፦ ጫናው ሲበረታ ብረቱ ራሱ በጥቂቱ ይሰረጉዳል፣ ዘይቱም ይወፍራል፤ ስለዚህ ስስ የዘይት ሽፋን በመካከል ይተርፋል።

ይኼው ጥያቄ ወደ ሰው አካል ተሻገረ። በ1967 ከሩማቶሎጂ ሐኪሙ ከቨርና ራይት ጋር የሰውን መገጣጠሚያ የሚያጠና ቡድን ሊድስ ውስጥ አቋቋሙ። ስንራመድ የዳሌ መገጣጠሚያችን የክብደታችንን ሦስት እጥፍ ያህል ይሸከማል። የአጥንቶቹን ጫፍ የለበጠው ካርቲሌጅ፣ ሥጋ ቤት ቅርጭጭት የምንለው ዓይነት፣ ሲታይ ለስላሳ ይምሰል እንጂ በማይክሮስኮፕ ወጣ ገባ ነው። ቅባት የሚሆነው ፈሳሽ ሽፋን ደግሞ ከዚያ ወጣ ገባ ይሳሳል። በስሌቱ መሠረት መፋተግ ነበረበት፤ ግን አይፋተግም። ከሥራቸው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ለዚህ የሰጡት መልስ ነው። በ1986 ከዞንግሚን ጂን ጋር እንዳስረዱት፣ ካርቲሌጅ ገር ስለሆነ በፈሳሹ ግፊት ጉብታዎቹ ይተኛሉ። የሚያድነን እንግዲህ ቅባቱ ብቻ ሳይሆን የካርቲሌጁ ገርነት ጭምር ነው።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይህ ገርነት የለውም። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጆን ቻርንሊ ለዳሌ መጀመሪያ የሞከሩት፣ የብረት ኳስ የሚዞርበት የቴፍሎን ጽዋ በጥቂት ዓመታት ተበልቶ አለቀ፤ በ1962 ፖሊኤቲሊን ወደሚባል ሌላ ፕላስቲክ ዞሩ። እሱም ቢሆን ይፈቀፈቃል። ብናኙን ሰውነት እንደ ባዕድ ሲዋጋው በዙሪያው ያለው አጥንት ይሳሳል፣ የተተከለውም ይላላል። ዶውሰንና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባወጡት ሥራ በብረቱ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ፕላስቲኩ የሚበላበትን ፍጥነት ብዙ እጥፍ እንደምታሳድግ አሳዩ። ጥፋቱም ከጭረቷ ጥልቀት ይልቅ በዳርና ዳሯ ከሚነሣው፣ በማይክሮን ከሚለካው ጠርዝ ነው።

ፕሮፌሰሩ በጥር 2020 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ። እርስዎ ደግሞ «ቅባቱ አልቋል» ሲባሉ «ካርቲሌጁስ ምን ያህል ቀርቷል?» ብለው ይጠይቁ።