እውነት ወይስ ተረት? «የኬኒ ጂን የገና አልበም ማንም ገዝቶ አይሰማውም»

የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ በሆቴል ሎቢ፣ በሱፐርማርኬት፣ በሊፍት ውስጥ የሚንቆረቆረውን ሳክስፎን ሳያውቁት አይቀሩም። ቃል የለውም፣ አይቸኩልም፣ ቡናዎን ጠጥተው ሲወጡም መስማትዎን ላያስታውሱ ይችላሉ። ሰው ስለዚህ ሙዚቃ የሚለው ተመሳሳይ ነው፦ «ይኼ እኮ ዝም ብሎ ቤት እንዳይቀዘቅዝ የሚለቀቅ ነው፤ ማን ገንዘቡን አውጥቶ ይገዛዋል?»

ብዙ ሰው ገዝቶታል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ኬኒ ጂ «ሚራክልስ» የተባለውን የበዓል አልበሙን ያወጣው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1994 ነው። በዚያው የበዓል ሰሞን የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ወጣ። የገና አልበሞች ለብቻቸው የሚፎካከሩበትን ሰንጠረዥ ማለቴ አይደለም፤ ሮኩም ራፑም ካንትሪውም አብሮ የሚሰለፍበትን ዋናውን ነው። በአሜሪካ ብቻ 8 ጊዜ ፕላቲነም ተብሏል፤ አንዱ ፕላቲነም 1 ሚሊዮን ቅጂ መሆኑን ይዘው ሒሳቡን ይሥሩት። በዚያው ወቅት ማራያ ኬሪም የገና አልበሟን ለቅቃ ነበር፤ ዛሬ ዲሴምበር በገባ ቁጥር ከየስልኩ የሚጮኸው «ኦል አይ ዋንት ፎር ክሪስማስ ኢዝ ዩ» ያለበትን። ያኔ የእሷ አልበም ከ3ኛ ደረጃ አላለፈም። ከሁለቱም አልበሞች ጀርባ በፕሮዲውሰርነት የሠራው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ዋልተር አፋናሲየፍ።

ታዲያ ወሬው ለምን አልሞት አለ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህ ሙዚቃ ጆሯችን የሚገባው እኛ ሳንመርጠው ስለሆነ ነው። ዘፈን ቢሆን ግጥሙን ይዘን እናንጎራጉራለን፣ «የማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ቃል የሌለው ዜማ ግን ይህ ዕድል የለውም። እኛም ዘንድ «ክላሲካል ልቀቅ» ይባላል እንጂ ስም ተጠርቶ አይታዘዝም። ቻይና ውስጥማ ነገሩ ባሰ። በ1989 የወጣውን «ጎዊንግ ሆም» የተባለ የኬኒ ጂን ዜማ የገበያ አዳራሾች፣ ትምህርት ቤቶችና ባቡር ጣቢያዎች መዝጊያ ሰዓት ላይ ሲለቁት ኖረዋል፤ ሰዉ ሲሰማው ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሙዚቃ የመዝጊያ ደወል ከሆነ በኋላ የተጫወተው ሰው መኖሩን ማን ያስባል? ግን እኛ ያልመረጥነውን ሌላው አልመረጠውም ማለት አይደለም። ራት ለሚጋብዝ፣ ዕድሜና እምነቱ ለተለያየ እንግዳ ለሚያሰናዳ ሰው፣ ማንንም የማያስቀይም የበዓል ሙዚቃ ትልቅ ነገር ነው።

«መሣሪያው ክላርኔት ነው» የሚሉም አሉ። ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። የኬኒ ጂ ዋና መሣሪያ ሶፕራኖ ሳክስፎን ነው፤ አንገቱ የታጠፈው፣ አፉ ወደ ላይ የተከፈተው የምናውቀው ሳክስፎን ታናሽ ወንድም። ክላርኔት ከላይ እስከ ታች ወርዱ እኩል የሆነ ቱቦ ሲኖረው ሳክስፎን ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፤ የድምፁም ልዩነት በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል።

ሌላው ወሬ ሰውዬው አጥባቂ ክርስቲያን ነው የሚል ነው። የገናን ዜማ እንዲህ የሚያለሰልስ ሌላ ማን ይሆናል? ኬኔት ጎሬሊክ፣ ማለትም ኬኒ ጂ፣ በ1956 ሲያትል ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። እዚያው አልበም ላይ ከአፋናሲየፍ ጋር የደረሰው የሐኑካ ዜማም አለ። (ሐኑካ የአይሁድ የመብራት በዓል ነው። የእኛዎቹ ቤተ እስራኤላውያን በትውፊታቸው አልነበራቸውም፤ ያወቁት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው።)

ይህን የሰማ ደግሞ «እንዲያማ ከሆነ ለገንዘብ ብሎ ነው» ይላል። ገንዘቡን እንዳልጠላው ግልጽ ነው። ግን አይሁዳዊ የገና ዜማ ሲሠራ እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ቢንግ ክሮስቢ በ1942 ያወጣውን «ዋይት ክሪስማስ» የጻፈው በሩሲያ ግዛት የተወለደው የምኩራብ ዘማሪ ልጅ፣ ኢርቪንግ በርሊን ነው። በርሊን ሕፃን ልጁን በሞት ያጣው በ1928 በገና ዕለት ነበር፤ ያ ዜማ ለምን የደስታ ብቻ እንደማይመስል ይህን ያወቀ ሰው ሌላ ምክንያት አይፈልግም። «ሲልቨር ቤልስ»ን የሠሩት ጄይ ሊቪንግስተንና ሬይ ኤቫንስም አይሁዳውያን ነበሩ። ሦስቱም፣ ማለትም ኬኒ ጂ የተጫወታቸው ሁለቱ የቆዩ ዘፈኖችና የራሱ የሐኑካ ዜማ፣ ባንድ አልበም ላይ ተቀምጠዋል። ወሬው የሚጸናው የገና ዘፈን ሁሉ መዝሙር ስለሚመስለን ነው። ከአልበሙ 11 ዜማዎች ስለ ክርስቶስ ልደት በቀጥታ የሚያወሩት ጥቂቶቹ ናቸው። «ዊንተር ወንደርላንድ» የበረዶና የፍቅረኞች ነገር ነው፣ ገናን በስሙ እንኳ አይጠራም። የመጨረሻው ደግሞ ብራምስ በ1868 ያሳተመው የእሹሩሩ ዜማ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ተረት እንምጣ፤ ወደ ትንፋሹ። ኬኒ ጂ አንድን ድምፅ ይዞ ሲቆይ የሰማ ሰው ወይ «ሳንባው ልዩ ነው» ይላል፣ ወይ «ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጥሎ ነው»። በ1997 ኒው ዮርክ በሚገኝ የሙዚቃ መደብር ውስጥ ሰው እያየው አንዲት ድምፅ ለ45 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሳያቋርጥ ይዞ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ክብረ ወሰኑን በኋላ ሌላ ሰው ወስዶታል። ይህን ያህል አየር የሚይዝ ሳንባ ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

ምስጢሩ ጉንጭ ላይ ነው። ተጫዋቹ ሳንባው ሊያልቅበት ሲል ጉንጩን በአየር ይሞላል፤ ከዚያ በምላሱ ሥር አፉን ከጉሮሮው ለይቶ ዘግቶ የጉንጩን አየር ወደ መሣሪያው እየጨመቀ፣ በዚያችው ቅጽበት በአፍንጫው ይስባል። ተማሪዎች ይህን የሚለማመዱት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ ከትተው በመንፋት ነው፤ አረፋው ለአፍታም መቆም የለበትም። ቤትዎ ይሞክሩት፤ መጀመሪያ ላይ ውሃው ጠረጴዛው ላይ እንደሚፈስ ግን ከወዲሁ ልንገርዎ። ከውሃው በኋላ ዋናው ችግር ይመጣል። አየሩ ከሳንባ ወደ ጉንጭ ሲዛወር ግፊቱ ይለወጣል፣ ሙዚቀኞቹ ሪድ የሚሏት ከሸምበቆ የተቀረጸች ስስ ምላስም ወዲያው ታሳብቃለች፤ ድምፁ ይወርዳል ወይም ይንቀጠቀጣል። ሶፕራኖ ሳክስፎን ደግሞ ያለዚያም ከቅኝት ለመውጣት የሚቸኩል መሣሪያ ነው። ያን መጋጠሚያ ሰው እንዳይሰማው ማድረግ የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። ተረቱን የሚያቆየውም ይኸው ነው፤ የተሳካለት ሥራ ሥራ አይመስልም፣ ሰውም ድካሙን ካላየ ወይ ተሰጥኦ ነው ወይ ማሽን ነው ይላል።

በመጨረሻ የጃዙ ክርክር አለ። አንዱ «ጃዝ ማለት ይኼ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጃዝን ያበላሸ ሰው ነው» ይላል። ኬኒ ጂ በ1999 በሉዊስ አርምስትሮንግ የቆየ ቅጂ ላይ የራሱን ሳክስፎን ሲደርብ ጊታሪስቱ ፓት መቴኒ ክፉኛ ተቆጥቶ ነበር፤ እኔም በዚያ ነገር ከመቴኒ ጋር ነኝ። በገናው አልበም ግን ፍርዱ ሌላ መሆን አለበት። የእሱ ዓይነት ሙዚቃ፣ ስሙዝ ጃዝ የሚባለው፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሬዲዮ የገነነ፣ ከአር ኤንድ ቢ ጋር የተዛመደ ሙዚቃ ነው። ዜማውን ያስውበዋል እንጂ አይበትነውም፤ የጃዝ ሰው ደግሞ የሚፈልገው መበተኑን ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ሲያስገመግም የሰማ ጆሮ ይህን ልዩነት ለመለየት አስረጂ አያስፈልገውም። «ሳይለንት ናይት»ን ለገና ራት የሚከፍት ሰው ግን ዜማውን ገና በሁለተኛው ሐረግ ማወቅ ይፈልጋል።

መበተኑን የሚወድ ከሆነ ጆን ኮልትሬን በ1961 ያወጣውን «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» ያዳምጥ። መሣሪያው ያው ሶፕራኖ ሳክስፎን ነው። ዜማው የመጣው ከ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የመድረክ ቴአትር ነው፤ እዚያ ከገና ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን አሜሪካኖች የገና ዘፈን ነው ብለው በየዓመቱ ይለቁታል።