የሳንባ ካንሰር በሰውነት ውስጥ እንዴት ይዛመታል?

በቅርቡ ስለ ሳል ሳስተምር አንዲት ተማሪ «የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ካንሰር አንድ ናቸው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በልማድ «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ቲቢን ነው። ቲቢ በጀርም የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍና በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ካንሰር ግን የራሳችን ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚፈጠር እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም።

ካንሰር የሚዛመተው በአንዱ ሰው ሰውነት ውስጥ ነው። ከሳንባ የተነሣው ሕዋስ በደም ሥር ተጉዞ በአንጎል፣ በአጥንት ወይም በጉበት ውስጥ ይሰፍርና በዚያ ይራባል። አብዛኞቹን ሕሙማን ለሞት የሚያበቃውም ይኸው መዛመቱ ነው። ለመሆኑ ሕዋሱን እንዲጓዝ የሚያደርገው ምንድን ነው?

በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል የትእዛዝ መዝገብ አለ። ሕዋሱ ከመዝገቡ የሚያስፈልገውን ይገለብጣል፤ ግልባጩም አር.ኤን.ኤ. ይባላል። በግልባጩ መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ይሁን እንጂ የፕሮቲን አሠራር የተጻፈበት የመዝገቡ ክፍል ከመቶ 2 እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ለረጅም ጊዜ እንደ ትርፍ ነገር ይቆጠር ነበር። ዛሬ ግን ከዚህ ክፍልም ብዙ ግልባጮች እንደሚወጡ ታውቋል። ፕሮቲን አይሠራባቸውም፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ የትኛው ትእዛዝ መቼና ምን ያህል እንደሚፈጸም ይቆጣጠራሉ።

በእደላ ቀን ስም የሚጠራውን ሰው አስቡ። እርሱ ስንዴ አይሰፍርም፣ ዘይት አይቀዳም። ነገር ግን ያለ ተራ ቢጠራ ወይም ዝም ቢል እደላው ሁሉ ይዛባል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመን አገር ተመራማሪዎች ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ከነበሩ ሕሙማን የተወሰዱ የሳንባ ካንሰር እጢዎችን መረመሩ። ኋላ በሽታው በተዛመተባቸው ሕሙማን እጢ ውስጥ አንድ ግልባጭ በዝቶ አገኙ፤ ስሙንም ማላት-1 አሉት። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ማላት-1 የጠፋባቸው የካንሰር ሕዋሳት የመጓዝ ችሎታቸው እንደቀነሰና በአይጦች ላይ የፈጠሩት እጢም በቁጥር እንዳነሰ ታየ። ይህ ያለ ተራው የሚጮኸውን ጠሪ ይመስላል።

ዝም ያለውም አለ። ሌት-7 የተባለው አጭር ግልባጭ የሕዋስን እድገት ከሚገቱት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን የወጣ ጥናት ሌት-7 ያነሰባቸው የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የኖሩት ለአጭር ጊዜ እንደሆነ አመለከተ። የዚህን ዓይነት አጫጭር ግልባጮች እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት ደቃቃ ትል ውስጥ ያገኙት ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ማላት-1ን የሚያጠፋ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ተሞክሮ መዛመቱን ቀንሷል። ይህ ተስፋ ነው እንጂ ከክሊኒክ የምንቀበለው መድኃኒት ገና አይደለም። በእጃችን ያለው ሳይዛመት መድረስ ነው። ሲጋራ አናጭስ፤ ጭስ በታፈነበት ቤት አናብስል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ያለበት ሰው ይመርመር። የቲቢ መድኃኒቱን ጨርሶ ሳሉ ያልተወውም «አንዴ ታክሜአለሁ» ብሎ አይቀመጥ፤ ተመልሶ ይታይ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።