ወገብ ከመታሸቱ በፊት

በምዕራብ ሐረርጌ፣ ከጭሮ እስከ ገለምሶ፣ ከሂርና እስከ መቻራ፣ ወገቡን የታመመ ሰው የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ «እገሌ ዘንድ ሂድ፤ እጁ ለስላሳ ነው፣ አያሳምምም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታሽ የሚሄድ ሰው ፍርሃቱ ይገባል። ስልኩ ላይ የውጭ አገር ካይሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) የሰው አንገት ጠምዝዞ ሲያንቋቋ አይቷል፤ በሰፈሩ ደግሞ ወጌሻ ቤት ገብቶ እጁን ስላጣ ልጅ ሲወራ ሰምቷል። ስለዚህ የሚፈልገው ማረጋገጫ ስለ ጉልበት ነው፤ ይጎትተኛል ወይ? ያንቋቋኛል ወይ? ይሰብረኛል ወይ? ወጌሻውም፣ ፊዚዮቴራፒስቱም፣ ካይሮፕራክተሩም ለዚህ የሚያረጋጋ መልስ አያጡም። የኔ ጥርጣሬ ያለው እዚያው መልስ ላይ ነው። የእጅ መለስለስ ሕመምን ይቀንስ ይሆናል፤ አደጋን ይቀንሳል ማለት ግን አይደለም። «ወጌሻ ይሻላል ወይስ ሆስፒታል?» የሚለው የቆየ ክርክርም መቋጫ ያጣው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሁሉም ስለ እጁ ይከራከራል፤ እጁ ከማረፉ በፊት መጠየቅ ስላለበት ነገር ግን የሚያነሳ አይገኝም።

በወጌሻ ቤት ከሚደርሱ ጉዳቶች ሁሉ ሐኪሞች አብዝተው የሚያውቁትና የከፋው የእጅና የእግር መበስበስ ነው። ይህ ደግሞ የሚመጣው ከጉተታው አይደለም። በሽተኛው የሚጮኸው የተሰበረው አጥንት ሲቃና ነው፤ ጉዳቱ የሚገባው ጩኸቱ ካበቃ በኋላ፣ የቀርከሃው ፍልጥ በክንዱ ዙሪያ ተደርድሮ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነው። የተሰበረ ክንድ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ያብጣል። እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ ደሙም ይታፈናል፤ ጡንቻ ደግሞ ያለ ደም ከ6 ሰዓት ገደማ በላይ አይታገስም። ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፤ ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ ቶሎ አይቀላም። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ «አጥንቱ እየገጠመለት ነው» ይባላል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ኃይል የበዛበት ቦታ የለም። አሳሪው እጁ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ውጤቱ ያው ነው። የጎደለው በማግስቱ «ጣትህን ታንቀሳቅሳለህ? ይሰማሃል?» ብሎ የሚጠይቅና ማሰሪያውን የሚያላላ ሰው ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ ከጉራጌ ምድር አንድ ማስረጃ አለ። ዶክተር መኮንን እሸቴ በአታት ሆስፒታል የሠሩትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የብሪታንያ የአጥንት ሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ለአካባቢው ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጠ፤ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ በሆስፒታሉ የተቆረጡ እጆችና እግሮች ሲነጻጸሩ በወጌሻ እሥር የበሰበሱት በግልጽ ቀንሰው ተገኙ። እኔን የሚገርመኝ የትምህርቱ ማጠር ነው። በአንድ ቀን የማንም እጅ አይለወጥም፤ ሠላሳ ዓመት የጠነከረ እጅ ለስላሳ አይሆንም፣ የደነበረውም አይሰለጥንም። በአንድ ቀን ሊለወጥ የሚችለው ሰው ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚጠይቅና መቼ «ይህ የኔ አይደለም» እንደሚል ነው። ለውጡ ከዚያ ከመጣ፣ ችግሩም የነበረው እዚያው ነበር ማለት ነው።

ወደ ወገብ ስንመጣ ነገሩ ይከፋል፤ ክንድ ሲጠቁር ቢያንስ በዓይን ይታያል። በምዕራብ ሐረርጌ ወገብ መታመም የሚደነቅ ነገር አይደለም። ጫት አስሮ አይሱዙ ላይ የሚጭን ወጣት አለ፤ በጨርጨር ዳገት ውሃና እንጨት በጀርባቸው የሚያወጡ ሴቶች አሉ፤ እርከን የሚሠራ ገበሬ ቀኑን እንደጎበጠ ይውላል። ስለዚህ ለሕመሙ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ስም አለ፤ ሸክም ነው፣ ብርድ ነው፣ ጅማት ዞሮ ነው። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ብዙዎቹ በእርግጥ ከሸክም ስለሚታመሙና እረፍትና እሽት ስለሚያሽላቸው፣ ከሸክም ያልታመሙት ጥቂቶችም በዚያው ስም ተጠቅልለው ይታሻሉ። ጥሬ የግመልና የፍየል ወተት በሚጠጣበት በሚኤሶና በአሰቦት ቆላ፣ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ዳሌና አከርካሪ ውስጥ ገብቶ ወገብ ሊያሳምም ይችላል። ይህን ለማወቅ ስለ ትኩሳትና ስለ ወተት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በጣት ዳሰሳ አይገኝም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የአከርካሪ ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ከሚመዘገቡት የቲቢ ሕሙማንም ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ሕመሙ ያለባቸው ከሳንባ ውጭ ነው። ቲቢ አጥንት ውስጥ ሲገባ አብዝቶ የሚያጠቃው አከርካሪን ነው። በወራት ዕድሜ የአከርካሪውን አጥንት ከፊት ለፊቱ ይበላዋል፤ የተበላው ይደረመሳል፣ ከኋላም አንዷ አጥንት ጎላ ብላ ትወጣለች። አሁን ወጌሻ ቤት የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንይ። በሽተኛው ፍራሽ ላይ በደረቱ ይተኛል፤ ጀርባው ቅባት ይቀባል፤ ወጌሻው አውራ ጣቱን ከአንገት ሥር አሳርፎ አጥንት በአጥንት እየቆጠረ ቁልቁል ይወርዳል። ጉብ ያለችውን ቦታ ያገኛታል። ማንም ሐኪም ራጅ ከማዘዙ በፊት፣ በሽተኛው ራሱም ሳያውቃት፣ ያቺ ጣት ታገኛታለች። ይህን የመሰለ ጣት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ያገኘውን «ወልቋል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ የወለቀ ደግሞ ይመለሳል ተብሎ ይጫናል። በቀስታም ይሁን በኃይል፣ የሚጫነው የተበላ አጥንትና አጠገቡ የቋጠረ መግል ነው፤ ከዚያ ጀርባ ደግሞ ሁለቱን እግር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አለ። ባይጫነው እንኳ፣ «ሦስት ጊዜ ተመላለስ፣ ይተውሃል» ባለ ቁጥር ሳምንታት ያልፋሉ። የአከርካሪ ቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ የሚሰጥ፣ 12 ወር የሚወሰድ ነው፤ እግር ሳይደክም የተጀመረና ከደከመ በኋላ የተጀመረ ግን እኩል አያድኑም።

ጥያቄው ሊቀርብ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳል? ሲመሽ ይተኩሳል? ያልባል? ልብስ ሰፍቶ፣ ቀበቶ ላልቶ ያውቃል? እግር ዝሏል? ሽንት እምቢ ብሏል? በጭኖች መካከል ደንዝዟል? ይህን ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ከአምስት ደቂቃም አይበልጥም። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ቲቢ ሲጠይቁ የኖሩት በዋናነት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለቆየ ሳል ነው። ለሳንባ ቲቢ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አከርካሪው የታመመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይስልም። «ሳል አለህ?» ሲባል «የለኝም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ወገቡን ይዞ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ሆነው ሰውየው በመካከላቸው ይሾልካል።

ካይሮፕራክቲክ ብዙ ከተጠናባቸው አገሮች የሚገኘው ትምህርትም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሙያው ሥልጠናና ደህንነት ባወጣው መመሪያ ለሙሉ ሥልጠና ከ4,200 ሰዓት ያላነሰ ትምህርት ይጠይቃል፤ አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስ ፈጽሞ የማይገባባቸውን ሁኔታዎችም በረጅሙ ይዘረዝራል፤ የአከርካሪ ቲቢ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። ሰውን የሚያስፈራው የ«ቋ» ድምፅ ግን የዚህን ያህል አያሳስብም፤ አጥንት ወደ ቦታው የመመለሱ ምልክትም አይደለም፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ካለ ጋዝ የሚመጣ ነው። ከታከሙት ግማሽ ያህሉ ቁርጥማትን የመሰለ ቀላል ሕመም ይሰማቸዋል፤ በአንድና ሁለት ቀን ይለቃል። ትልቁ ፍርሃት የአንገት መጠምዘዝ ያመጣዋል የሚባለው ስትሮክ ነው። ከካናዳ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ከአንጎል የኋላ ደም ስር የተነሳ ስትሮክ የያዛቸውን 818 ታማሚዎች ተመልክቶ፣ ከመታመማቸው በፊት ወደ ካይሮፕራክተር የሄዱት ብቻ ሳይሆኑ ወደ ጠቅላላ ሐኪም የሄዱትም እንዲሁ በዝተው አገኛቸው። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ብዙዎቹ የደም ስሩ መሰንጠቅ አስቀድሞ ጀምሯቸው፣ በአንገት ሕመም ምክንያት እርዳታ ፍለጋ የሄዱ ናቸው የሚል ነው። ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም፤ የተሰነጠቀ ደም ስር ያለበትን አንገት መጠምዘዝ ደህና ነው የሚል ግን የለም። እንደገና ወደ ጥያቄው ያመጣናል፤ ይህ የአንገት ሕመም መቼ ጀመረ? ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ዓይነት ነው? ማዞር፣ የዓይን ብዥታ አብሮት አለ?

ይህን ሁሉ ስል መታሸት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ ትምህርትን፣ አከርካሪን በእጅ ማከምንና ማሳጅን ከሚመከሩት ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ያስገባቸው ግን እንደየሁኔታው በሚል ገደብ ነው። መመሪያው የተጻፈው ደግሞ ሌላ በሽታ እንደሌለበት ለተረጋገጠ ወገብ ነው። ይህችን ቅድመ ሁኔታ አውጥቶ «ማሸት ጥሩ ነው ተባለ» ማለት መመሪያውን ግማሹን ማንበብ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። አንደኛው «ሐኪሙስ መቼ ጠየቀ?» የሚለው ነው። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ወገቤን ያለ ሰው ዳይክሎፌናክ ተወግቶ፣ ማስታገሻ ተጽፎለት የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ትክክል ነው፤ ጥፋቱን ሁለቱም ወገን ይካፈላል። ለዚህም ነው ወጌሻንና ሆስፒታልን ማወዳደሩ የትም ያላደረሰን። ሁለተኛው፣ የፈራን ሰው ስለ ሌሊት ላብና ስለ እግር መዛል መጠየቅ ፍርሃቱን ያባብሳል የሚል ነው። እኔ የምፈራው ከዚህ ይልቅ ዝም ያለውን በሽተኛ ነው። ሰው ሲፈራ ይታዘዛል፤ ዞር ሲሉት ይዞራል፣ «ያማል?» ሲሉት «ደህና ነው» ይላል፤ ሳይጠየቅ ስለ ትኩሳቱ አያወራም። «እጄ ለስላሳ ነው፣ አትፍራ» የሚለው ማባበያ ደግሞ ዝምታውን ያጠናክረዋል። ሕጉም ቢሆን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ባህላዊ ሕክምናን በሕይወት ላይ አደጋ እስካላመጣ ድረስ ሲፈቅድ ኖሯል፤ አደጋው ግን የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ወጌሻው ጠይቆ፣ ተጠራጥሮ፣ «ሆስፒታል ሂድ» ቢልስ ወዴት ያደርሰዋል? ራጅ የአከርካሪ ቲቢን መጀመሪያ ላይ አያሳይም፤ አጥንቱ በደንብ ካልተበላ ፊልሙ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ከዚያ በላይ ሲፈለግ ከጭሮ ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይመጣል፤ ለመቻራ ወይም ለቦኬ ገበሬ ይህ የመኪና፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ፣ ምናልባትም የአንድ ፍየል ወይም የአንድ በሬ ዋጋ ነው። አታት ላይ ትምህርቱ የሠራው ወጌሾቹ የሚልኩበት ሆስፒታል ስለነበረም ነው። ስለዚህ ምዕራብ ሐረርጌ ላይ ወጌሾችን ሰብስቦ ማስተማር ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። የተላከው ሰው ጭሮ ወይም ገለምሶ ሆስፒታል ሲደርስ «ማን ላከህ?» የሚለውና የወጌሻውን ጥርጣሬ እንደ መረጃ የሚቀበል ባለሙያ መኖር አለበት፤ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ላቡና ክሳቱ ካሉ ደግሞ እንዲመለስ የሚቀጥር። እንዲህ ካልሆነ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ሰውየው ማስታገሻ ይዞ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ «ምንም የለብህም ብለውኛል» ብሎ ለወጌሻው ይነግረዋል፤ ወጌሻውም የሚቀጥለውን በሽተኛ አይልክም።