የዶክተር መኮንን ፈቃዱ ምርመራና የባሌ ውሾች ነገር

የእብድ ውሻ በሽታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1903 (በዚህ ጽሑፍ የሚነበበው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) በአዲስ አበባ ከተማ ብርቱ ወረርሽኝ ሆኖ እንደ ነበረ ተጽፏል። በባሌ ደጋ ግን በሽታው የሚነካው ሰውንና ውሻን ብቻ አይደለም፤ ላምና ፈረስም በእርሱ ይሞታሉ፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም በእርሱ ብዙ ጊዜ ተጎድቷል። ስለዚህ ከጎባና ከሮቤ ደጋ እስከ ብድሬ ድረስ ሕዝብና ከብት በእጁ ያለ ሹም ሁሉ የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል፥ በተራ ማጉያ መነጽር እንኳ የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። በታመመ ውሻ ምራቅ ውስጥ ይኖርና በንክሻው ቍስል ይገባል። ከገባም በኋላ በደም አይሰራጭም፤ የነርቭን መንገድ ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ጕዞውም ሳምንታት፥ ብዙ ጊዜም ወራት ይፈጃል። ሰውነትን ከጠላት የሚጠብቀው ኃይል በደምና በሥጋ ውስጥ ዘብ የቆመ ነው፤ ቫይረሱ ግን በነርቭ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚያልፍ ዘበኛው የሚነቃው ዘግይቶ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም፤ የዳኑትም በዓለም ሁሉ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ክትባት የሚጠቅመው ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ዘበኛውን ስለሚያነቃ ነው።

ይህን በሽታ በትጋት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መኮንን ፈቃዱ ናቸው። ባላገሩ «ያላበደ ውሻ ጤነኛ ነው» ብሎ ያምናል። እርሳቸው ግን በ1975 ላንሴት በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ምንም የሕመም ምልክት ሳይታይበት፥ ሳይሞትም፥ ቫይረሱን የሚሸከም ውሻ እንዳለ አስታወቁ። በኋላም በአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሲሠሩ ከኢትዮጵያና ከሜክሲኮ የመጣውን ቫይረስ ለውሾች እየሰጡ ምራቃቸውን መረመሩ። በ1982 በወጣው ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፥ የሜክሲኮው ቫይረስ ሕመሙ ከመታየቱ እስከ 7 ቀን ቀድሞ፥ የኢትዮጵያው ግን እስከ 13 ቀን ቀድሞ በምራቅ ተገኘ። ከዚያ በፊት በ1981 ደግሞ ከበሽታው የዳነ አንድ ውሻ ከ2 ወርና ከ6 ወር በኋላ ቫይረሱን በምራቁ ሲያወጣ እንደ ተገኘ ጽፈዋል። የውሻው ሰውነት በሽታውን አሸንፎ ሳለ ጠላቱን ፈጽሞ አላስወጣውም ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር ዘወትር የሚሆን አይደለም፤ የነከሰውን ውሻ አስሮ 10 ቀን መጠበቅም ዛሬም የሚሠራበት ደንብ ነው። ሆኖም ደንቡ የተነከሰው ሰው 10 ቀን ሳይታከም ይቀመጥ ማለት አይደለም። ቍስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ፥ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ያስፈልጋል። በየገጠሩ አስቀድሞ ወደ ሥር ቆፋሪ መሄድ የተለመደ ነውና ብዙ ሰው የሚጠፋው በዚህ መዘግየት ነው።

ወደ ቀይ ቀበሮው እንመለስ። የአገሩ ኦሮሞ ጀዳላ ፈርዳ፥ ማለት የፈረስ ቀበሮ ይለዋል፤ ልትወልድ የቀረበችውን ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ይበላል ስለሚባል ነው። ዋና ምግቡ ግን ፍልፈልና አይጥ ነውና ለገበሬው ጠላት አይደለም። በዓለም ያሉት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በ1991 እና በ1992፥ ሁለተኛም በ2003 እና በ2004 የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ወደ እነርሱ ተላለፈ፤ በኋለኛው ጊዜ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ አለቁ። ያን ጊዜ የቀሩትን ለማዳን በሸለቆዎች መገናኛ ያሉት ቀበሮዎች እየተያዙ ተከተቡ፤ የቀበሮዎቹን ግማሽ እንኳ ሳይከትቡ ቦታውን መርጦ መከተብ በሽታውን እንደሚገታ ሊቃውንት በ2006 በስሌት አሳዩ። ከ2018 ጀምሮ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ በሌሊት ይጣልላቸዋል፤ አውሬው ሥጋውን ሲበላ ዘበኛው ይነቃል።

የበሽታው ምንጭ ግን የቤት ውሻ ነው። ከመቶው ውሻ 70ው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ቡችላ በየዓመቱ ስለሚወለድና ክትባቱ እየደከመ ስለሚሄድ ሥራው በየዓመቱ መደገም አለበት። ጅብ ለመከላከል ብዙ ውሻ የሚያኖር ባለ ከብት ሁሉ የውሾቹን ቍጥር ለቀበሌው ያስመዝግብ፤ የወረዳው ሹምም የእንስሳት ሐኪሙን የሚያስጠራው መንጋው ለጎዳንቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ ይሁን፤ ውሻው ከእረኛው ጋራ ስለሚሄድ በኋላ ቢፈለግ በቤቱ አይገኝም።