«ዋኘሁ» ለሚል ቀዛፊ አያጨብጭቡ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፈጣን ወንዝ ላይ ለሚቀዝፉ ጎብኚዎች የተዘጋጀ የደህንነት መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አረብኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ሁለት ገጽ ብቻ ስለሆነች ከምሳ በፊት እጨርሳታለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ዋናተኛ ስታዩ ፊሽካ ንፉ፤ ገመድ ወርውሩለት» ይላል። መዝገበ ቃላቱን አምኜ «ሰባሕ» ብዬ አለፍኩት። ረቂቁን ያየልኝ አረብ ባልደረባዬ ደወለና «ያ አኺ፣ ሰውየው እየዋኘ አይደለም እንዴ? ገመዱ ለምኑ ነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጀልባ የሚቀዝፍ ወዳጅ ፈልጌ ስጠይቅ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ከዚያ አስረዳኝ። በቀዛፊዎች ቋንቋ «ስዊመር» ዋና የሚችል ሰው አይደለም። ካያኩ ተገልብጦበት፣ በመቅዘፊያው ራሱን ማቃናት አቅቶት፣ ከመቀመጫው ሾልኮ የወጣና ወንዙ እንደ ጉቶ እየገፋ የሚወስደው ሰው ነው። «ቅዳሜ ዋኘሁ» የሚል ቀዛፊ እየተናዘዘ ነው። የሚያጨበጭብለት የለም፤ ጓደኞቹ ይልቅ ወደ እግሩ ያያሉ። የዋኘ ሰው ቅጣት አለውና፦ ዳር ሲደርስ በገዛ ራሱ እርጥብ ጫማ ቢራ ተቀድቶለት ይጠጣል። አልኮል የማይጠጣ በለስላሳ ይገላገላል፤ ጫማው ግን ያው ጫማ ነው። ቀጪዎቹም ነገ ተራው የእነሱ መሆኑን ስለሚያውቁ ብዙ አይጨክኑም። «ሁላችንም በሁለት ዋና መካከል ነን» ይባባላሉ፤ አንዱን ዋኝተናል፣ የሚቀጥለው እየመጣ ነው ለማለት።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር። መመሪያዋ «ከስትሬይነር ራቁ» ትላለች። ቃሉ በእንግሊዝኛ የወጥ ቤት ማጥለያ፣ ፓስታ የሚጠነፈፍበት ዕቃ ነው። በአረብኛ «ሚስፋት» ብዬ አስቀመጥኩት። እዚህ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ግን «ሚስፋት» ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው የነዳጅ ማጣሪያ ነው። የእኛም «ማጣሪያ» ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ረቂቄ ለቀዛፊዎች የሰጠው ምክር «ከነዳጅ ማጣሪያ ራቁ» የሚል ሆነ። መጥፎ ምክር አይደለም፤ ግን ለወንዝ አይሆንም።

ቀዛፊዎች ስትሬይነር የሚሉት ወንዝ ውስጥ የወደቀ ዛፍን ነው። ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፤ ሰው አያልፍም። ስሙን ያወጣው ሰው ፓስታ ሲጠነፈፍ ያየ ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ፓስታው ግን ሰውየው ራሱ ነው። በወንዝ ላይ ከፏፏቴ ይልቅ ልምድ ያላቸውን የሚያስፈራው ይህ ጸጥ ያለ ዛፍ ነው። ከጀልባ የወደቀ ሰው በተለመደው ጊዜ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ታች ወንዝ ቀድሞ እንዲንሳፈፍ ይመከራል። ወደ ስትሬይነር ሲቃረብና መሸሽ ሳይችል ሲቀር ግን ደንቡ ይገለበጣል፦ በደረቱ ዞሮ፣ ራሱን አስቀድሞ፣ በኃይል ወደ ዛፉ ዋኝቶ ላዩ ላይ መውጣት አለበት። ይህን ያነበብኩ ቀን የተረጎምኳትን ገጽ ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ።

ሦስተኛዋ ወጥመድ «ኤዲ» ናት። መዝገበ ቃላት ሁሉ «አዙሪት» ይላታል፤ አረብኛውም «ዱዋማ»። አዙሪት ሲባል የሚታየን ሰው የሚውጥ ውሃ ነው። ለቀዛፊ ግን ኤዲ ማለት ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ውሃው ወደ ኋላ ዞሮ የሚረጋበት፣ ጀልባውን አስጠግቶ ትንፋሽ የሚሰበስብበት የወንዙ ማረፊያ ነው። «ሲደክማችሁ ኤዲ ያዙ» የሚለውን «ሲደክማችሁ አዙሪት ውስጥ ግቡ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አስቡት። እኔ ነበርኩ።

እውነተኛው የሚውጥ ውሃ ስሙ ሌላ ነው፤ «ኪፐር» ይሉታል፣ «አስቀሪ» እንደማለት። ውሃ ከድንጋይ ወይም ከዝቅተኛ ግድብ ላይ ወድቆ ወደ ኋላ እየተጠቀለለ፣ የገባውን ሁሉ እያሽከረከረ የሚያቆይበት ቦታ ነው። እዚያ ገብቶ የተንገላታ ሰው «ሜይታግ ተደረግኩ» ይላል። ሜይታግ የአሜሪካ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስም ነው። በወንዝ ላይ የተሠሩ ዝቅተኛ ግድቦችን ግን በቀልድ ስም አይጠሯቸውም፤ «የመስጠሚያ ማሽን» ነው የሚሏቸው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለሚጠቀለል መውጫ በር የለውም። ቀልዱ የት ላይ እንደሚያቆም ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ከቃላቱ ሁሉ የምወደው «ቡፍ» ነው። ቀዛፊው ከትንሽ ፏፏቴ ጫፍ ላይ ሲደርስ የካያኩን አፍንጫ ቀና አድርጎ ይዘልና ሆዱ ውሃውን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ነው። ስሙ ከድምፁ ወጣ። ዓላማው ከሥር ያለውን ኪፐር ዘልሎ ማለፍ ነው። በአማርኛ ቡፍ የሚባለው ሳቅ ስለሆነ ይህችን ሳልተረጉም ብተዋት ደስ ይለኝ ነበር።

ሰዎቹም ስም አያጡም። አዲስ ወይም አስቸጋሪ የወንዝ ክፍል ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚላከው ሰው «ፕሮብ» ይባላል፤ ሐኪም ቁስል የሚመረምርበት መሣሪያ ስም ነው። ሌሎቹ ዳር ቆመው ምን እንደሚሆን ያያሉ። መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ነከር እያደረገ ሳይደክም የሚሄደው «የአበባ ነካሪ» ነው። ሳይቀዝፍ መኪናውን ብቻ ከመነሻው ወደ መድረሻው የሚነዳላቸው የትዳር ጓደኛ ደግሞ «የመኪና ጥንቸል» ይባላል። ለሁለት ሰው የተሠራውን ጀልባ «የፍቺ ጀልባ» ይሉታል፤ ባልና ሚስት አብረው ሲቀዝፉ ያየ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም። ባለ አንድ መቅዘፊያ ታንኳ የሚቀዝፉት ደግሞ ባለ ሁለት ጫፍ መቅዘፊያ የያዙትን ካያከኞች «መቅዘፊያው ግማሽ፣ ቀዛፊው እጥፍ» እያሉ ይነኳቸዋል። ካያከኞች ለዚህ ጥሩ መልስ ያላቸው አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ወንዝ በሌለበት አገር ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ በአል ዐይን፣ በጀበል ሐፊት ተራራ ሥር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተ፣ ውሃው በፓምፕ እየተገፋ የሚወርድበት ሰው ሠራሽ የቀዘፋ መስመር አለ። የአውሮፓ ወንዞች ሲቀዘቅዙ የስላሎም ተወዳዳሪዎች ለልምምድ ይመጡበታል። ፓምፑ ሲጠፋ ወንዙም ይጠፋል። ቃላቱ ግን ከእውነተኛ ወንዝ የመጡ ናቸው፤ ከእነዚህ ወንዞች አንዱ ደግሞ የእኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ ኦሞ ወንዝን በሚነፋ ጀልባ ለመውረድ ሲነሱ የጉዞ ድርጅታቸውን «ሶቤክ» አሉት። ሶቤክ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ነው። ኦሞ በአዞና በጉማሬ የታወቀ ስለሆነ ስሙ እንደ እጅ መንሻ ነበር። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ዛምቤዚን ከቪክቶሪያ ፏፏቴ ሥር ወረደ። ዛሬ የዛምቤዚን አስቸጋሪ ክፍሎች ስም የሚያነብ ሰው የቀልድ መጽሐፍ የያዘ ይመስለዋል፦ «የሰይጣን ሽንት ቤት»፣ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን»፣ ጀልባ በመገልበጥ የታወቀው «መረሳት»። ዘጠነኛው «የንግድ ራስን ማጥፋት» ነው፤ ከፋይ እንግዳ ይዞ እዚያ የሚገባ ድርጅት ነገ እንግዳ አያገኝም ለማለት ነው። አስጎብኚዎች እንግዶቻቸውን አስወርደው በእግር ያሳልፏቸዋል። ስሙ ቀልድ ነው፣ የሚሠራው ግን እንደ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ነው።

በኡጋንዳ፣ ጂንጃ አካባቢ ደግሞ በነጭ ዓባይ ላይ በአገሩ ቢራ ስም «ናይል ስፔሻል» የተባለ ሞገድ ነበር። ከመላው ዓለም ካያከኞች እየመጡ በላዩ ይጫወቱበት ነበር። የኢሲምባ ግድብ ሐይቅ ዋጠው። ቢራው አሁንም አለ፤ ሞገዱን ግን የሚያውቁት የቀዘፉበት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የዓሣ አጥማጁ ቀልድ ከዚህ ይለያል። ቀዛፊ የሚቀልደው በፍርሃቱ ነው፤ አጥማጅ በባዶ እጁ። አሜሪካዊው ምንም ሳይዝ ሲመለስ «ስካንክ ተደረግኩ» ይላል፣ በሚከረፋው እንስሳ ስም። ጀርመኑ «ልብስ ሰፊ» ሆኖ፣ ጣሊያኑ «ካፖርት» ይዞ ይመለሳል። ልብስ ሰፊና ካፖርት ቢገጣጠሙም ነገሩ ከልብስ ጋር አይገናኝም፤ ሁለቱም ቃላት በካርታ ጨዋታ የከባድ ሽንፈት ስሞች ናቸው። ዓሣው አፋፍ ላይ ደርሶ ካመለጠ «ከርቀት ለቀቅኩት» ይባላል፤ ዓሣን ይዞ በፈቃድ መልቀቅ የተከበረ ልማድ ስለሆነ ማምለጡን እንደ ደግነት ማስቆጠር ነው። ሲወረውር ክሩን ያወሳሰበ ሰው ደግሞ «የነፋስ ቋጠሮ» ገጠመኝ ይላል። ነፋስ አልነበረም።

ስንብታቸውም ይገርማል። ፖላንዳዊ አጥማጅ ለወዳጁ «ዘንግህ ይሰበር» ይለዋል። ሩሲያዊው «ጅራትም ቅርፊትም አይግጠምህ» ይላል። ቆንጆ ሕፃን አይታ «አስቀያሚ» የምትል የእኛ አገር እናት ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አትፈልግም።

የአረብኛው የዋህ ነው። መንጠቆው ትንሽ ሲነቃነቅ ግብፆች «ሲናራዋ ጠቀሰች» ይላሉ፣ በዓይን እንደሚጠቀሰው ያለ። ዛሬ አባባሉ ከወንዝ ዳር ወጥቶ ለሠርግ ደርሷል፤ ለልጇ ጥሩ ባል የተገኘላት እናትም ሲናራዋ ጠቅሳላታለች። የባሕረ ሰላጤው ሰዎች በመንጠቆ ማጥመድን «ሐዳግ» ይሉታል፤ ይህ ግን የባሕር ቃል ነው። በአማርኛችን ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ በደፈረሰ ውሃ የሚያጠምዱት ደግሞ ፖለቲከኞች ናቸው። የእኛ አባባሎች ማጥመድን ከዳር ሆኖ የሚያይ ሰው የተናገራቸው ይመስሉኛል፤ መንጠቆ የያዘ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ የሚለውን አይነግሩንም።

መመሪያዋን በመጨረሻ በሦስት ቀን ጨረስኩ። «ዋናተኛ» የሚለው «ከጀልባው የወደቀ ሰው» ሆነ። ኤዲ «ከድንጋይ ኋላ ያለ የረጋ ውሃ» ተባለች። ስትሬይነርን በአንድ ቃል ለመመለስ ብዙ ሞከርኩና ተውኩት፤ «ውሃ የሚያሳልፍ፣ ሰው የሚያስቀር የወደቀ ዛፍ» ብዬ ጻፍኩ። ቀልዱ በሙሉ ጠፍቷል። ባልደረባዬ ግን ቃሉን አልረሳውም፤ ሥራ ሲደራረብበት እስካሁን «ዋኝቻለሁ፣ ገመድ ወርውርልኝ» ብሎ ይጽፍልኛል።